ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ዝናቡ ከጀመረ 3ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

የጣቢያው መዝገብ ለእኔ ሥራ የሰጠው አንዲት ጠባብ ዓምድ ናት። «ደህና» ወይም «ብልሽት» ብዬ እፈርምባታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ስፈርም ኖሬአለሁ። ታዲያ ሌላው ሐሳቤ የት ይግባ? ባለቤቴ «ለእኔ ንገረኝ» ትላለች። ለእሷ የነገርኩት እስከ ምሳ ሰዓት ጎረቤቱን ያዳርሳል። ስለዚህ ይህን ደብተር ገዛሁ።

ዛሬ ልጄ የገደሉን ባቡር መንዳት ጀመረች፤ ጠዋት ወስዳ ማታ ትመልሰዋለች። ገደሉን እኛ «ጉሮሮው» ነው የምንለው። ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ በግራ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ፣ በቀኝ ከታች ወንዙ፣ መሐሉ ላይ አንድ ዋሻ፣ መጨረሻው አካባቢ አንድ ድልድይ። ዝናብ ሲመጣ ድንጋዩ ይለቃል፣ ከሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር ይታጠባል። በየጠዋቱ ከባቡሩ ቀድሜ በእግሬ የማልፈው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ሐዲድ በመዶሻ መታ አደርገዋለሁ። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀው «ጧ» ብሎ እንደ ሸክላ ዝም ይላል። ሥራዬ ይኸው ነው፣ መምታትና መስማት።

ከድልድዩ ማዶ ስልክ ያለባት የቆርቆሮ ጎጆ አለች። እዚያ ስደርስ ለጣቢያው ሹም ደውዬ «መንገዱ ክፍት ነው» እላለሁ። ከዚያ ባቡሩ እስኪያልፍ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ነጂዎች ከዋሻው ሲወጡ አንድ ጊዜ ጡሩምባ ይነፋሉ። እሷ ግን ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነፋችልኝ። ልጅ ሳለች ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆማ በአፏ የምትነፋልኝ ነው። መዶሻዬን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩላት። ማንም ባያየኝ ጥሩ ነው፣ ሽማግሌ ሰው።

6ኛ ቀን፣ ዓርብ

የዘንድሮ ሐዲድ ድምፁ አላማረኝም። የታፈነ ነው። እርጥበቱ ይሆናል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ «ሐዲድ ይናገራል፤ አንተ ዝም በል» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ዘመናቸው ግን አንድ ያልሆነ ልማድ አወጡ። የመዶሻውን እጀታ ጫፍ ነክሰው፣ የብረቱን ራስ ሐዲዱ ላይ አስደግፈው፣ ከዚያ በሌላ ብረት ነው የሚመቱት። እኛ ወጣቶቹ «ቁርስ አልበሉም ማለት ነው» እያልን እንስቅባቸው ነበር። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳሉኝ አላውቅም።

ባለቤቴ ሬዲዮኑን ቀንስ ትለኛለች። መች ጮክ አድርጌ ከፈትኩትና።

8ኛ ቀን፣ እሑድ

ጆሮዬ ውስጥ የዝናብ ውሃ ገብቷል መሰለኝ። ንብ ያለበት ይመስል እዝዝ ይላል። ጥጥ ከተትኩበት። ባለቤቴ «ሐኪም ቤት ሂድ» አለችኝ። ለጥጥ ሐኪም ምን ያደርጋል?

የቤታችን ሰዎች ደግሞ በጉሮሯቸው ማውራት ጀምረዋል። ሰው ሲያወራ አፉን ይክፈት እንጂ!

10ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

የዛሬውን ውርደት ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ዋሻውን ካለፍኩ በኋላ ሦስት ሐዲድ በተከታታይ መታሁ። ሦስቱም «ጧ»። ደግሜ መታሁ፤ ያው ነው። በጠመኔ ምልክት አድርጌባቸው ወደ ዋሻው ተመልሼ ቀይ ባንዲራ ዘረጋሁ። ስልኬ ሲዘገይባቸው ቀስ ብሎ እንዲሄድ የተለቀቀው የልጄ ባቡር ፊቴ መጥቶ ቆመ።

የጥገናው ጓድ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። አለቃቸው አጭርና ድብልብል ስለሆነ ሁላችንም «ብሎን» ነው የምንለው። መዶሻውን አንስቶ አንዱን መታ፣ ሁለተኛውን መታ፣ ሦስተኛውን መታ። ነጭ ጋዝ ቀባ፣ የጠመኔ ዱቄት አለበሰ። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ምንም አልወጣም። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣

«አባባ፣ ይኼ ሐዲድ ከእኔም ከእርስዎም ጤነኛ ነው» አለኝ።

አንዲት ተሳፋሪ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ለጓደኛዋ ጮኸች፦

«እኚህ ሰውዬ የገዛ ጥላቸውንም አይተው ባንዲራ ሳያወጡ አይቀሩም!»

ከኋላዋ አንዱ «ፈሪ ለእናቱ» አለ፣ ሰረገላው በሳቅ ተናወጠ። ልጄ ከላይ ከመንጃው ክፍል ታየኛለች። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

11ኛ ቀን፣ ረቡዕ

ሹሙ ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ወንበር የሚስብ አለቃ ጥሩ ነገር አይናገርም።

«እርስዎን ቅር የማሰኝ ሰው አይደለሁም» አለኝ። «ግን ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ የበላዮቹ ዝም አይሉኝም። ዕድሜ አለ፣ ጤና አለ… ሌላ ሰው አምጣ ነው የሚሉኝ።»

«ሐዲዱ ድምፁ ጥሩ አይደለም» አልኩት።

«ብሎን ጥሩ ነው ብሏል።»

ወጣሁ። ትኬት ቆራጯ ከመስኮቷ ጀርባ ለጽዳት ሠራተኛዋ የሆነ ነገር ስትነግራት እኔን አይታ ዝም አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ሌላ ሰው ቢያመጡ ማን ሊመጣ ነው? ጉሮሮውን የማያውቅ እንግዳ። ድንጋዩ የት እንደሚለቅ፣ ውሃው የት ሾልኮ እንደሚበላ የማያውቅ። የልጄን ባቡር የሚቀድመው ሰው በእኔ ፈንታ እሱ ሊሆን ነው? በፍጹም። ከእንግዲህ በዓይኔ ካላየሁ በጠመኔ አልነካም። ሃያ ስድስት ዓመት ያየ ዓይን ከጆሮ አያንስም።

14ኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ልጄ ጡሩምባውን ትታዋለች። አራት ቀን ሆነ። ባቡሩ ሳይነፋ ከዋሻው ውልቅ ይላል። ስታልፍ እጇን ታወዛውዛለች፣ ያ ለይስሙላ ነው። በተሳፋሪ ፊት አዋርጃታለሁ፣ ገባኝ። ግን እስከዚህ ትቀየመኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

17ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ዝናብ። ከድልድዩ ማዶ፣ 41ኛው የስልክ ምሰሶ ሥር ያለው ሐዲድ «ጧ» አለ። ሁሉም እንዲያው ነው የሚሉት። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁት። ምንም የለም። አለፍኩ።

«ደህና» ብዬ ፈረምኩ።

18ኛ ቀን፣ ረቡዕ

41ኛው። አለፍኩ። ደህና።

19ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ዘንድሮ ወንዙ ጭጭ ብሏል። ውሃው ከፍ ብሎ ድንጋዮቹን ውጧቸዋል፣ ለዚያ ይሆናል። ወፎቹም ገደሉን ለቀው ሄደዋል። ጥሩ ምልክት አይደለም።

ዛሬ ልጄ እራት መጣች። ሳሎን ተቀምጬ ጫማዬን ስቀባ ድንገት ዞር ስል ከኋላዬ ቆማለች፤ በግራ እጇ የድስት ክዳን፣ በቀኝ እጇ ሌላ የድስት ክዳን። እናቷ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ከመቼ ወዲህ ነው ሰው በድስት ክዳን የሚያለቅሰው? ገበታው ላይ እናትና ልጅ ተጎንብሰው ሲንሾካሾኩ አመሹ። ስለ እኔ ነው። ተቀይማ ከሆነ ለምን በፊቴ አትነግረኝም?

23ኛ ቀን፣ ሰኞ

በዋሻው ውስጥ ስሄድ የኮቴን አንገት የሆነ ነገር ጨምድዶ ወደ ግድግዳው ወረወረኝ። ብሎን ነው። የጥገናዋ ባለሞተር ጋሪ ክንዴን ታክካ አልፋ ሃያ እርምጃ ላይ ቆመች። ከጋሪዋ ዘሎ ነው የያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጮኸብኝ። የመጨረሻዋን ሰማኋት፦ «…ከመግቢያው ጀምሮ እየነፋሁ ነው እኮ!»

አልነፋም። ቢነፋ እሰማ ነበር። የዘንድሮ ሰው ጡሩምባ እንኳ ይሰስታል። ደግሞ ጋሪ እንደሚመጣ ማን ነገረኝ? ሹሙ በስልክ ነግሬዋለሁ ይላል። ስልኩ በዝናብ ስለሚበላሽ «መንገዱ ክፍት ነው» ብዬ ወዲያው ነው የምዘጋው። ይኸው አሥር ቀን ሆነ እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ።

24ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ብሎን ለማንም አልተናገረም። ሲያገኘኝ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ፊት ለፊት እያየኝ ቃል በቃል ነው የሚያወራኝ፣ ለሕፃን እንደሚያወሩት። ደግ ሰው ነው። ደግነቱ አናደደኝ።

41ኛው። ደህና።

27ኛ ቀን፣ ዓርብ

ብሎን ስለ ልጄ የሆነ ነገር ጀምሮ ተወው። «ሹሙ ተቆጥቷታል» ያለኝ መሰለኝ። «በምን?» አልኩት። እጁን አወራጨና ሄደ። ትኬት ቆራጯም እኔን ስታይ ራሷን ነቀነቀች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ።

ጡሩምባ የለም። አሥራ ሰባተኛ ቀኗ።

30ኛ ቀን፣ ሰኞ

ሁሉንም ልጻፍ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ወረቀቱም ሞኙም እኔው ዘንድ ናቸው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል መዝገብ ልፈርም ጣቢያ ገባሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማኅተም ያለበት አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። የልጄ የሥራ መደብ ተጽፎበታል፣ ቀረብ ብዬ አነበብኩ። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦

«የጠዋቱ ባቡር ነጂ በገደሉ ውስጥ በየዕለቱ ከተፈቀደው ፍጥነት በታች በመጓዝ አሥር አሥር ደቂቃ ከማዘግየታቸውም በላይ፣ ከዋሻው መውጫ እስከ ድልድዩ ድረስ ጡሩምባ በተደጋጋሚ የሚነፉ በመሆኑ፣ ይህም በዝናብ ወራት ድንጋይ የሚያስለቅቅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።»

በየዕለቱ። በተደጋጋሚ።

ከዋሻው እስከ ድልድዩ። እኔ ቆሜ ከምጠብቅበት ሥር።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ትኬት ቆራጯ ከመስኮቷ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ የለውም። ከጀርባዋ ያለው የግድግዳ ሰዓት መወዝወዣው ይወዛወዛል፣ ድምፅ የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ውጭ ዶፍ ይጥላል። ድምፅ የለውም። ንቡ ብቻ።

ያን ጊዜ 41ኛው ምሰሶ ትዝ አለኝ።

የማታው ባቡር በአሥራ አንድ ሰዓት ጣቢያ ይገባል። ጎጆዋ ጋ ሩብ ጉዳይ ላይ ይደርሳል። መዶሻዬንና ባንዲራዬን ይዤ ወጣሁ። ስድስቱን ኪሎ ሜትር ምንም ሳልመታ፣ ግማሹን እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። በየአሥር እርምጃው ወደ ኋላዬ እዞራለሁ፤ ጋሪ ቢመጣ በዓይኔ ካልሆነ በምን አውቃለሁ? ባለፉት ሳምንታት እንደዚያ ሳልዞር መሄዴ ዛሬ ነው ያስፈራኝ።

41ኛው ጋ ስደርስ ተንበረከክሁ። ሽማግሌው እንዳደረጉት አደረግሁ። የእጀታውን ጫፍ ነከስኩ፣ የመዶሻውን ራስ ሐዲዱ ላይ አስደገፍኩ፣ ከኪሴ የብረት መፍቻዬን አውጥቼ መታሁ። መጀመሪያ ከአጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሐዲድ። ድምፁ በጥርሴ ገብቶ እስከ መሐል አናቴ ወጣ፤ ስንት ሳምንት ያጣሁት ደወል። እንባዬ መጣ። ቀጣዩንም መታሁ፣ ዘፈነ። ከዚያ 41ኛውን።

ምንም። ጧ።

ደግሜ ደግሜ መታሁ። ሌሎቹ ሁሉ ሲዘፍኑ እሱ ብቻውን የሞተ ነው።

ጎጆዋ ውስጥ ገብቼ ስልኩን አነሳሁና ጮህኩ፦ «መንገዱ ተዘግቷል! 41ኛው ሐዲድ ተሰንጥቋል! ብሎንን ይላኩ! መልስዎን አልሰማም፣ ጆሮዬ አይሰማም፣ ሰምተው እንደሆነ ይላኩ! መንገዱ ተዘግቷል!» ሦስት ጊዜ ደገምኩት። «ጆሮዬ አይሰማም» የሚለውን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ያወጣሁት ለማላየው ሰው ነው። እንዲያ ይቀላል።

ከዚያ ከጎጆዋ አልፌ ሮጥኩ፤ ባቡር በቅርብ ርቀት አይቆምም። ኩርባው ላይ ባንዲራውን ዘርግቼ ቆምኩ። ሁለተኛ ስህተት ከሆነ ሥራው አበቃ፤ አውቃለሁ። ያ ግን ያን ጊዜ ከዝንብ አይከብድም ነበር። መጀመሪያ ከእግሬ ሥር መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መብራቷ መጣ። ቀስ ብላ ነበር የምትነዳው፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ሰው በእግሩ የሚቀድማት ያህል። ፊቴ ደርሳ ቆመች።

ወርዳ እየሮጠች መጣች። አፏ ይንቀሳቀሳል።

«አይሰማኝም» አልኳት።

ትከሻዬ ላይ ተደፋች፤ ማልቀሷን ያወቅሁት በደረቴ ነው።

ብሎን በጋሪው ደረሰ። ሐዲዱን ሲመታ እኔ የማየው ፊቱን ነው። መታው፤ ቅንድቡ ተነሳ። ነጭ ጋዝ ቀባ፣ ጠመኔ አለበሰ፣ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ከሐዲዱ ራስ እስከ እግሩ ጥቁር መስመር ቀስ ብሎ ወጣ። ብሎን ቆቡን አወለቀ።

ተሳፋሪዎቹ ዛሬም በመስኮት ያዩ ነበር። ምን እንዳሉ አላውቅም። አንዷ እጇን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስሞሽ ላከችልኝ። ያቺ የባለፈው ጊዜዋ ትሁን አትሁን እንጃ።

አሁን ቤት ነኝ፣ ሁሉም ተኝቷል። እየቆጠርኩ ነው። ከ17ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት አሥራ አራት ጊዜ፣ ማታ አሥራ ሦስት ጊዜ። ልጄ በዚያ ሐዲድ ላይ ሃያ ሰባት ጊዜ አልፋለች፤ ሃያ ሰባቱንም ጊዜ «ደህና» ብዬ የፈረምኩላት እኔ አባቷ ነኝ። ሁሉም «አዳንካቸው» እያለ እጄን ይጨብጣል። ከጀርባው ያደፈጠውን ሃያ ሰባት ጊዜ ማን ያውቃል?

31ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

መዝገቡ ላይ ይህን ጻፍኩ፦ «41ኛው ምሰሶ ሥር ያለው ሐዲድ ተሰንጥቋል። መርማሪው ከሁለት ሳምንት በፊት ጠርጥሮት እያለ በዝምታ አልፎታል። መርማሪው አይሰማም።» ጠባቧ ዓምድ አልበቃችኝም። የሌሎቹን ሠራተኞች ዓምድ ሁሉ ያዝኩባቸው።

ሹሙ አነበበ፣ ዓይኑን አሸ፣ ደግሞ አነበበ። ወንበር ሳበልኝ። ብሎን ሰው እስኪገኝ እኔ ልሂድበት አለ። መዶሻዬን ሰጠሁት። እጀታው ጫፍ ላይ የጥርሴን ምልክት አይቶ ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀም።

ሐኪሙ ጆሮዬ መግል ይዟል፣ ትንሽ ሊመለስ ይችላል ብሎ ጻፈልኝ። ቀድሞ ቢመጡ ኖሮ የምትለዋንም ጽፏታል። ባለቤቴ ወረቀቱን ነጥቃኝ ያችን መስመር በጣቷ እየደበደበች አሳየችኝ። ለእሷ ድምፅ አያስፈልጋትም።

32ኛ ቀን፣ ረቡዕ

ስለ ሃያ ሰባቱ ለልጄ መንገር አለብኝ። በአፌ ብነግራት የምትመልስልኝን አልሰማም፤ ፊቷን ብቻ አይቼ መገመት አልችልም። ስለዚህ ይህን ደብተር እሰጣታለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ አንብቢው፣ ልጄ። የድስት ክዳኑንም፣ «ተቀይማለች» ያልኩትንም። ከዚህ በታች ያለው ባዶ ገጽ ያንቺ ነው።

አባዬ፣

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ።

ክዳኖቹን ከኋላህ ሦስት ጊዜ ነው ያጋጨኋቸው። እማዬ ጆሮዋን ይዛ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ለሹሙ መንገር ነበረብኝ፣ ግን ያን ሥራ ከአንተ የምቀማ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ብነዳ፣ ጮክ ብዬ ብነፋ ይበቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከኋላዬ ሁለት መቶ ሰው ጭኜ። ሃያ ሰባቱን ለብቻህ አትቁጠራቸው። እኔም ከ19ኛው ቀን ጀምሮ ፈርሜባቸዋለሁ፤ ዛሬ ሹሙ ጋ ገብቼ ነግሬዋለሁ።

አንድ ቀን እንኳ ሳልነፋልህ አላለፍኩም።

ጣቢያ ሲገቡ መንፋት አልተከለከለም። ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት እጅህን በጣቢያው በኩል ባለው የሳሎኑ መስኮት መስታወት ላይ አድርግ።

33ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ከሩብ ጉዳይ ጀምሬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ባለቤቴ መስታወቱን አታቆሽሽብኝ የምትል መሰለኝ። ከዚያ እሷም እጇን ከእጄ አጠገብ አደረገች።

አምስት ደቂቃ አርፍዳለች።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።